የቆየ ቤት ሲረከቡ ውሃውን ይከተሉ

ጥያቄው፦ «20 ዓመት ያህል የቆየ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ገዝተናል። ውሉ ተፈርሟል፤ ርክክቡና የመጨረሻው ክፍያ የዛሬ ሳምንት ነው። ቤቱ አሁን ባዶ ነው። ሻጩ ከመውጣቱ በፊት ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር የሚዋሰነውን የመኝታ ክፍል ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ቀብቶታል፤ ስንጠይቀው ‹ለንጽህና ነው› አለን። ስንረከብ ምን ምን ማየት አለብን? ባለቤቴ ቶሎ ቀለም ቀብተን እንግባ እያለ ነው።»

ምላሽ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። ጥያቄውን ያነሱበት ጊዜም መልካም ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠይቀው ዕቃውን ካስገባ፣ መጋረጃውን ከሰቀለ፣ ሻጩም ስልክ ማንሳት ካቆመ በኋላ ነው። እርስዎ ግን ዛሬ ሦስት ነገር በእጅዎ አለ፦ ባዶ ቤት፣ 7 ቀን እና ያልተከፈለ ቀሪ ገንዘብ። ከርክክቡ ማግስት ሦስቱንም አያገኟቸውም።

ቤት በመመርመር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እስካሁን ያላሳፈረኝ አንድ እምነት ቢኖር የቆየ ቤት ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ ይነሳል የሚለው ነው። የጣሪያውን እንጨት የሚያበሰብሰው፣ አርማታው ውስጥ ያለውን ፌሮ የሚያዝገው፣ ከመሠረቱ ሥር ያለውን አፈር የሚያላላው፣ ምስጥን የሚስበው ውሃ ነው። ስለዚህ ረጅም ዝርዝር ይዞ ከክፍል ክፍል ከመንከራተት ውሃው ወደ ቤቱ ከሚገባበት ተነስቶ እስከሚወጣበት መከተል ይሻላል። ሌላው አብዛኛው ችግር መንገድ ላይ ያገኝዎታል።

በሳምንቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሂዱ። አንዱን በጠራራ ብርሃን፣ ሌላውን ሲመሽ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሥራዎን አስፈቅደው በዚያው ሰዓት ይሂዱ፤ የዝናብ ሰዓት ጉብኝት ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ እርሳስ፣ ጠፍጣፋ መፍቻ (ካቻቪቴ)፣ ወፍራም የሚያሳይ ፕላስቲክ፣ ሰፊ ፕላስተር እና ጥቂት የምግብ ቀለም ይያዙ።

መጀመሪያ ቤቱ እንደገቡ ሌላ ነገር ሳይነኩ ወደዚያች አዲስ ወደተቀባችው ግድግዳ ይሂዱ። ከፕላስቲኩ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ቆርጠው ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርገው ይለጥፉት፤ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ያሽጉት። በሌላ በኩል ባለ፣ ከመታጠቢያ ቤት ራቅ ባለ ደረቅ ግድግዳ ላይ ለማወዳደሪያ አንድ ተመሳሳይ ይለጥፉ። ቀኑን ይጻፉበትና ይተዉት። ለ48 ሰዓት መቆየት አለበት፤ ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን የሚሠራው። ውጤቱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ውሃ ቆጣሪው። ቤት ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ ይዝጉ። የውሃ ታንከር ካለ ሞልቶ መቆሙን፣ የሽንት ቤቶቹም ማጠራቀሚያ ሞልቶ ጸጥ ማለቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን የምትሽከረከር ጠቋሚ ይመልከቱ። ማንም ውሃ ሳይከፍት ከዞረች አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ካልዞረችም አይቸኩሉ። ቁጥሩን እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ፎቶ ያንሱት፤ ሌላ ሲያዩ ቆይተው ከ2 ሰዓት በኋላ ያወዳድሩ። ቁጥሩ ከተቀየረ ወደ ቤቱ መግቢያ ላይ ያለውን ዋና መዝጊያ ዘግተው እንደገና ይሞክሩ። ቆጣሪው ከቆመ ፍሳሹ ቤት ውስጥ ነው፤ መቁጠሩን ከቀጠለ ግን ከቆጣሪው እስከ ቤቱ በተቀበረው ቧንቧ ላይ ነው። አንድም ግድግዳ ሳይፈርስ ፍሳሹ በየትኛው በኩል እንዳለ አወቁ ማለት ነው። በዚያው ዋናው መዝጊያ በትክክል መዝጋቱንም ይፈትሻሉ። ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ ዝጎ ይይዛል፤ ይህን ደግሞ ቧንቧ በፈነዳበት ሌሊት ከማወቅ ዛሬ ማወቅ ይሻላል።

በየሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ይጨምሩና ውሃ ሳይለቁ ለግማሽ ሰዓት ይተዉት። ቀለሙ ወደ ሳህኑ ከወረደ ውስጡ ያለው ጎማ አይዘጋም። ቀላል ጥገና ነው፤ ነገር ግን ድምፅ ሳያሰማ ቀንና ሌሊት ውሃ የሚያባክን ነገር ስለሆነ መታወቅ አለበት።

ጠዋት የሄዱ እንደሆነ መጀመሪያ የሚወርደውን ውሃ በነጭ ኩባያ ይቅዱት። ቀላ ብሎ ጀምሮ ቆይቶ የሚጠራ ከሆነ የብረት ቧንቧው ከውስጥ እየዛገ ነው፤ አንድ ቦታ ጠግነው የሚገላገሉት ሳይሆን ውሎ አድሮ መስመሩን መቀየር የሚጠይቅ ነገር ነው። ፎቅ ያለውን ሻወር ከፍተው አንድ ሰው ምድር ቤት ያለውን ቧንቧ እንዲከፍት ያድርጉ፤ የሻወሩ ውሃ ወደ ክር ከቀጠነ ቧንቧው ጠቧል ወይም ግፊቱ አይበቃም። የእጅ መታጠቢያዎቹንና የወጥ ቤቱን ማጠቢያ ደፍነው ሞልተው በአንድ ጊዜ ይልቀቋቸው። እየሄደ ሳለ በሌላው ጉድጓድ ውስጥ ጉርጉር የሚል ድምፅ ከሰሙ መስመሩ በከፊል ተደፍኗል ወይም መተንፈሻው አይሠራም። ከማጠቢያዎቹ ሥር ባሉት ቁምሳጥኖች ውስጥ ደግሞ ዓይንዎን ብቻ አይመኑ፤ እጅዎን ሰድደው ይዳስሱ። ያበጠ ጣውላ ውሸት አያውቅም።

ስለ ሽታ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው የለቀቀው ቤት ውስጥ የፍሳሽ ሽታ ቢያገኙ ወዲያው አይደንግጡ። በየማጠቢያው ሥር ባለው ሲፎን፣ ማለትም በተጠማዘዘው ቧንቧ ውስጥ ቆሞ ሽታውን የሚያግደው ውሃ ሲደርቅ ሽታው ይወጣል። በየጉድጓዱ ውሃ ያፍስሱና በማግስቱ ያሽትቱ። ሽታው ከጠፋ ችግሩ ያ ነበር፤ ካልጠፋ ግን ከወለሉ ሥር የተሰበረ ነገር ሊኖር ስለሚችል የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ።

ቤቱ የራሱ የፍሳሽ ጉድጓድ ካለው የት እንደሆነ፣ መጨረሻ የተመጠጠው መቼ እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁና ቦታውን በፎቶ ያስቀሩት። ክዳኑ እንዲከፈት ያድርጉ፤ ነገር ግን ማንም ሰው አንገቱን ወደ ውስጥ እንዳያስገባ፣ ለጽዳትም ቢሆን እንዳይወርድ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። የወደቀውን ላውጣ ብሎ የሚገባውም አብሮ ይሞታል።

ከቤት ወጥተው ዙሪያውን ይዙሩ። መሬቱ ከግድግዳው እየራቀ ሲሄድ ዝቅ ማለት አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ 15 ሳንቲሜትር ያህል ቢወርድ መልካም ነው። ወደ ቤቱ የሚያዘነብል ግቢ ክረምቱን በሙሉ መሠረቱን ያጠጣዋል። ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ የት እንደሚደፋ ይመልከቱ፤ ግድግዳው ሥር የሚፈስ ከሆነ ከውስጥ በኩል በዚያው ማዕዘን ላይ እርጥበት ሳያገኙ አይቀሩም። የአትክልት አፈር ግድግዳውን ተደግፎ ከውስጡ ወለል በላይ ከተቆለለም እንዲነሳ ያድርጉ።

ጣሪያውን ከውጭ ሆነው በሩቁ ይዩት፤ ዋናው ምርመራ ግን ኮርኒሱ ውስጥ ነው። ቀን ላይ በመግቢያው ገብተው መብራቱን ያጥፉና ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ይጠብቁ። በየቦታው የብርሃን ነጥብ ካዩ በዚያው ዝናብም ይገባል። እንጨቱ ላይ የጠቆረ ነጠብጣብ ካለ በመፍቻው ጫፍ ይጫኑት፤ ጤነኛ እንጨት አያስገባም፣ የበሰበሰው ግን እንደ ዳቦ ይገባልዎታል። እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያለው የጭቃ መስመር ግድግዳውን ወይም እንጨቱን ይዞ ወደ ላይ ከወጣ የምስጥ መንገድ ነው፤ ጥቂቱን ሰብረው በቀጣዩ ጉብኝት ከተጠገነ ምስጡ አሁንም እየሠራ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ አርማታ ከሆነ ደግሞ ዝናብ ካቆመ ከ48 ሰዓት በኋላም ውሃ ተኝቶበት መገኘት የለበትም። በሲሚንቶ የተሠራ አሮጌ ሸካራ የጣሪያ ቆርቆሮ ካጋጠመዎ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አይቁረጡት፣ አይብሱት፣ አይፈግፍጉት። ሳይሰበር በቦታው እስካለ ድረስ አደጋው አነስተኛ ነው፤ ብናኙ ግን ለሳንባ መርዝ ነው።

ስንጥቅ ሰውን ከሚገባው በላይ የሚያስፈራ፣ አንዳንዴም ከሚገባው በታች የሚናቅ ነገር ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። ከ20 ዓመት በኋላ ምንም ስንጥቅ የሌለበት ቤት አላየሁም። ልስን ላይ ብቻ ያለ፣ ከ1 ሚሊሜትር የማይበልጥ ፀጉር መሰል ስንጥቅ የልስኑ መድረቅ ነው። የአርማታ ምሰሶና የብሎኬት ግድግዳ በሚገናኙበት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን መስመርም የተለመደ ነው፤ ሁለቱ ነገሮች በሙቀትና በቅዝቃዜ እኩል አይለጠጡም።

የሚያሳስበኝ ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣው፣ ወይም በብሎኬቱ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየረገጠ የሚሄደው ነው። ከቤቱ አንዱ ክፍል ከሌላው ይልቅ እየሰመጠ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። በግድግዳው ሌላ በኩልም በዚያው ቦታ መኖሩን ይዩ። አንዱ ጫፉ ከሌላው ይሰፋል? በአጠገቡ ያለው በር ከወለሉ ጋር ይፋተጋል? ከዚህ በፊት ተሞልቶ እንደገና የተከፈተ ነው? ውስጡ አቧራና የድሮ ቀለም ከያዘ አሮጌ ነው፤ ጠርዙ የሰላ፣ ውስጡ ንጹሕ ከሆነ የቅርብ ነው። ስፋቱ ከ5 ሚሊሜትር በላይ የሆነ ማንኛውም ስንጥቅ ከርክክቡ በፊት በመዋቅር መሐንዲስ መታየት አለበት። ከዚህ ያነሰውን ደግሞ ከሁለቱም ጫፎቹ ላይ በእርሳስ አጭር መስመር አስምረው ቀኑን ይጻፉበት፣ ስፋቱንም መዝግበው ፎቶ ያንሱ። ከወራት በኋላ መስመሩን አልፎ ከሄደ ቤቱ አልተረጋጋም። ገና ዕድገቱ ያልታወቀ ስንጥቅ ላይ ስቱኮ መለጠፍ ምስክርን ከማባረር አይለይም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ በምሰሶ፣ በቢምና በበረንዳ ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ሥር ቀና ብለው ይዩ። ቡናማ የዝገት እንባ፣ ፌሮውን ተከትሎ የሄደ ስንጥቅ ወይም የተቀረፈ ሲሚንቶ ካለ ውስጡ ያለው ብረት ዝጓል። ብረት ሲዝግ መጠኑ በብዙ እጥፍ ስለሚያድግ አርማታውን ከውስጥ ይገፈትረዋል። በላዩ ላይ መለሰን ዝገቱን አያቆመውም። የዛገው ክፍል ተከፍቶ፣ ብረቱ ጸድቶና ታክሞ ነው የሚሞላው። በልስን ተሸፍኖ ለዓመታት የተረሳ የበረንዳ ሶሌታ ከሥሩ ስናንኳኳው ቁራጩ ትከሻዬ ላይ የወደቀበት ቀን አለ። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ሥር ሳላንኳኳ አልቆምም፤ እርስዎም ራስዎን በሚጠብቅ ነገር ሸፍነው፣ ወደ ጎን ቆመው በረጅም እንጨት ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ ሲሚንቶው ከውስጥ መላቀቁን ይነግርዎታል።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ሰሌዳውን ራስዎ አይክፈቱት፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ለአንድ ሰዓት ቢያዩት ገንዘቡ አይቆጭም። ሳይከፍቱ የሚያዩት ግን አለ። ሰሌዳው ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለው ማብሪያ ይፈልጉ፤ 30 ሚሊአምፔር የሚል ጽሑፍ ይኖርበታል። ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው በቅጽበት የሚያቋርጠው እሱ ነው። ቁልፉን ሲጫኑት መውረድ አለበት። ካልወረደ አይሠራም፣ ጭራሹን ከሌለ ደግሞ ከቀለምና ከመጋረጃ በፊት እሱን ያስገቡ። ባለሙያው ሲመጣ ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛው፣ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬቶቹ በእርግጥ የግራውንድ ሽቦ ተገናኝቶላቸዋል ወይ? በአሮጌ ቤቶች ሦስተኛው ቀዳዳ ለመልክ ብቻ ተቀምጦ ይገኛል። ሁለተኛው፣ ብሬከሮቹ ከሽቦው ውፍረት ጋር ይመጣጠናሉ ወይ? ብሬከር ቶሎ ቶሎ ሲወርድ ያስቸገረው ሰው ትልቅ አምፔር ያለው ይቀይርበታል። ለመብራት በተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ 32 አምፔር ብሬከር ከተቀመጠ ብሬከሩ ከመውረዱ በፊት ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሊነድ ይችላል። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ሶኬት ካዩ ቦታውን ይመዝግቡ።

ቦይለሩ ላይ የተሠራበትን ዓመት ይፈልጉ፤ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ መኖሩን፣ አለመደፈኑንም ያሳዩ። ማስተንፈሻው የታሰረ ቦይለር ፈንጂ ነው። ሙቀቱን 60 ዲግሪ አካባቢ ያድርጉት፤ ከዚያ በታች ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሳንባን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ይራባል። ጋዝ ካለ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይቀቧቸው፤ አረፋው ከተነፋ ጋዙ ይዘጋል፣ ባለሙያ ይጠራል።

ሻጩ አብሮዎ ቤቱን እንዲዞር ይለምኑት። አጠያየቅዎ ግን «ችግር አለበት?» አይሁን፤ «የለበትም» ይላል፣ በዚያው ያልቃል። ይልቅ «መቼ?» እያሉ ይጠይቁ። ጣሪያው መጨረሻ የተነካው መቼ ነው? የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ የተቀየረው መቼ ነው? ታንከሩ የታጠበው? እዚህ ግድግዳ ላይ ቁምሳጥን የቆመው ከመቼ ጀምሮ ነው? «መቼ» ሰውን ወደ ታሪክ ይወስደዋል፤ ታሪኩ ውስጥ የሚፈልጉትን ያገኛሉ። ብዙ ሻጮች ለመዋሸት ብለው ሳይሆን ከችግሩ ጋር ስለለመዱ ነው የማይናገሩት።

በወረቀት በኩል፦ ቤቱን ከፕላኑ ጋር ያመሳክሩ፣ የግቢውን ወሰን በሜትር ይለኩ፤ ፕላኑ ላይ የሌለ ክፍል ካለ በማን ፈቃድ እንደተሠራ ይጠይቁ። የውሃ፣ የመብራትና የመሰል ዕዳዎች እስከ ርክክቡ ቀን መከፈላቸውን በደረሰኝ ይዩ። የርክክብ ሰነዱ ላይ የቆጣሪዎቹ ንባብ፣ የቁልፎቹ ብዛት፣ በቤቱ ውስጥ የሚቀሩ ዕቃዎችና ያገኟቸው ጉድለቶች አንድ በአንድ ይጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። «በቃል ተስማምተናል» የሚባል ነገር አይቀበሉ፤ ሻጩ ጨዋ ሰው ቢሆን እንኳ ትዝታ ይለያያል። ጥገናው እስኪያልቅ ከቀሪው ክፍያ ተመጣጣኝ ገንዘብ ይያዝልን ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን እንጂ። በዚያው ቀን የውጭ በሮቹን የቁልፍ ሲሊንደር ያስቀይሩ። ካሜራ ወይም በስልክ የሚከፈት በር ካለ የድሮው ባለቤት ከመተግበሪያው መውጣቱንና የይለፍ ቃሉ መቀየሩን ያረጋግጡ፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ግድግዳችን እንመለስ። ከ48 ሰዓት በኋላ ሲመሽ ይሂዱ፣ መብራቱን ያጥፉ። ባትሪውን ግድግዳው ላይ አስጠግተው ብርሃኑ በገጹ ላይ እንዲንሸራተት ወደ ጎን ያብሩት። ፊት ለፊት ሲታይ ለስላሳ የነበረው ቀለም ያበጠበት፣ የተለጠፈበት፣ የተፋቀበት ቦታ ሁሉ ጥላ ይጥላል።

ከዚያ ፕላስቲኩን ይመልከቱ። ጠብታው በእርስዎ በኩል፣ ማለትም ክፍሉን በሚያየው ገጽ ላይ ከሆነ፣ የክፍሉ አየር እርጥበት ነው። መስኮት በመክፈትና አየር በማንቀሳቀስ ይስተካከላል። ሻጩም እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ቁምሳጥን ከጀርባው አየር አፍኖ የጠቆረ ሻጋታ ነበር፣ አጽድቶ ቀባው። ጠብታው ከፕላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ግን ውሃው ከግድግዳው ውስጥ እየወጣ ነው። ለማወዳደሪያ የለጠፉት ደረቅ ሆኖ ይህኛው ብቻ ከረጠበ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው።

ከየት እንደሚመጣ ደግሞ ቅርጹ ይናገራል። ከወለሉ ተነስቶ እስከ 1 ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጨው የሚተው እርጥበት ከመሬት የሚሳብ ነው። ዝናብ ሲጥል የሚጠቁር፣ ሲያባራ የሚለቅቅ ከውጭ የሚገባ ነው። ዝናብ ኖረ አልኖረ የማይለወጥ ከሆነ ቧንቧ ነው። ሻወር በተወሰደ ቁጥር ብቻ የሚብስ ከሆነ ደግሞ የሴራሚኩ መጋጠሚያ ወይም የወለሉ ጉድጓድ ነው። ይህን ለመለየት የሻወሩን ጉድጓድ ደፍነው ወለሉ ላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ውሃ ያቁሙ፤ ከፍታውን በእርሳስ ምልክት አድርገው አንድ ቀን ያሳድሩት። ውሃው ከጎደለና ግድግዳው ከረጠበ ምንጩን አገኙ። ካልጎደለ፣ የቆጣሪው ሙከራም ምንም ካላሳየ፣ ሻወሩን በእጅዎ ይዘው ሴራሚኩን ከታች ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ ያርጥቡት፤ ግድግዳው መርጠብ የሚጀምርበት ከፍታ ምንጩ ያለበት ነው።

ለባለቤትዎም እንዲህ ይበሏቸው፦ ሌሎቹን ክፍሎች በፈለጋችሁ ቀን ቀቡ። ይህችን ግድግዳ ግን ምንጩ ተገኝቶ እስኪዘጋ፣ ልስኑም እስኪደርቅ አትንኳት። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ዘይት ቀለም እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ይዞ በወራት ውስጥ ይላጣል። ልስኑ ለመድረቅ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈልጋል። አልጋውን በሌላው ግድግዳ በኩል አድርጋችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ፕላስቲክ ለጥፉበት። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ቀቡት።